ጊታር ለሚመቱ ልጆች የዜማን ሕግ መማር ስለሚሰጠው ጥቅም



በዛሬው ዘመን በብዙ ሰው ቤት፥ ቀድሞ ክራር ወይም መሰንቆ ይሰቀልበት በነበረው ግድግዳ ላይ፥ ስድስት ክር ያለው ጊታር ተሰቅሎ ይታያል። ልጆቻችንም ከትምህርታቸው ሲመለሱ መጽሐፋቸውን አኑረው ይህንኑ መሣሪያ ያነሣሉ። ይህ በራሱ ነቀፋ የለበትም፤ እጁ ሥራ የያዘ ልጅ አሳቡ ወደ ክፉ ነገር አይባክንምና። ነገር ግን ስለ ጊታር ትምህርት በልጆችም በአባቶችም ዘንድ አንድ ዓይነት ስሕተት ሲነገር እንሰማለን። ልጁ፦ «ጆሮዬና ጣቴ ይበቁኛል፤ የዜማን ሕግ መማር ምን ያደርግልኛል?» ይላል። አባቱም፦ «ጊታር የጨዋታ ዕቃ ነው፤ ጨዋታ ደግሞ ምን ሕግ አለው?» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። እኛም ከተሳሳቱት አባቶች አንዱ ስለ ነበርን፥ ስሕተታችን የታወቀን በምን ምክንያት እንደ ሆነ ለሌሎች ትምህርት ይሆን ዘንድ ለመጻፍ ወደድን።

የመጀመሪያ ልጃችን ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ጊታሩን የገዛው በየበዓሉ ከተሰጠው ባጠራቀመው ገንዘብ ነው። ያለ መምህር፥ በስልኩ ላይ የሚታየውን ተንቀሳቃሽ ሥዕል እየተመለከተ፥ የመቺው ጣት ባረፈበት ላይ የራሱን ጣት እያሳረፈ፥ በአንድ ዓመት ውስጥ ከዐሥር የሚበልጡ ዘፈኖችን ለመምታት ቻለ። እጁ ፈጣን ነው፤ እንግዳ በመጣ ጊዜም ያስመሰግነው ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን የሙዚቃን ሕግ፥ ዛሬ ቲዎሪ የሚሉትን፥ የሚያስተምረው ሰው እንዳገኘ ነግሮን የወር ክፍያውን እንድንሰጠው ለመነን። እኛም ከላይ የጻፍነውን የአባቶችን ቃል መለስንለት። ጨምረንም፦ «እንዲህ ካወቅህ በኋላ ምን ቀረህ?» አልነው። ልጁ አልተከራከረም፤ ጊታሩን ይዞ ወደ ክፍሉ ገባ።

ይህ በሆነ በጥቂት ወር የገና በዓል ደረሰ። ከእራት በኋላ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ሲጫወት እናታችንም ከመካከላችን ተቀምጠው ነበር። እናታችን ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው ዘመን በሠርግና በበዓል ድምፃቸው የታወቀ ነበር፤ አባታችን ካረፉ ወዲህ ግን ሲዘፍኑ ሰምተናቸው አናውቅም። በዚያ ማታ ልጁ የትዝታን ዜማ ሲጀምር፥ ማንም ሳይለምናቸው፥ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው ማንጎራጎር ጀመሩ። ቤቱ ሁሉ ዝም አለ። ዜማው ወደ ላይ በወጣ ጊዜ ግን ድምፃቸው አልደረሰም፤ ከመንገድ ላይ ተሰበረ። «ልጄ፥ እስቲ ዝቅ አድርግልኝ» አሉት።

ልጁም ደንግጦ ካፖ የሚባለውን መቆንጠጫ ከኪሱ አወጣና በጊታሩ አንገት ላይ አሠረው። ነገር ግን ይህ መቆንጠጫ ክሩን ያሳጥራል እንጂ አያስረዝምም፤ ስለዚህ ድምፁ ይባስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ከዘመዶቻችን አንዳንዱ ሳቀ። ልጁም ላብ አጥምቆት፦ «እማማ፥ እኔ የማውቀው በዚህ በኩል ብቻ ነው» አላቸው። እናታችንም፦ «ግድ የለም ልጄ፤ አንተ ምታ፥ እኔ እሰማለሁ» አሉና ዝም አሉ። በዚያ ማታ ዳግመኛ ድምፃቸውን አላሰሙም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለን። የሰባ አራት ዓመት ሰው ድምፅ ከዓመት ወደ ዓመት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ስንት ዓመት ዝም ያለው ድምፅ በገዛ ፈቃዱ ተነሥቶ ሳለ በቤታችን የሚቀበለው አጣ። ለመምህር የሚከፈለውን ገንዘብ ቆጥበን ምን እንዳጠፋን ያን ጊዜ ገባን።

ነገሩን ስንመረምረው የልጁ ጉድለት የእጅ ጉድለት አልነበረም። በልጅነታችን በየኔታ ደጅ ፊደል ስንቆጥር ያየነውን አስታወሰን። አንዳንዱ ልጅ ፊደሉን በተርታው ከላይ እስከ ታች እንደ ውሃ ያወርደዋል። የኔታም ይህን ስለሚያውቁ ከመካከል አንዱን ፊደል ጠቁመው «ይህስ ማን ነው?» ብለው ይጠይቁታል። ያን ጊዜ ልጁ የተማረው ተራውን እንጂ ፊደሉን አለመሆኑ ይገለጣል፤ ከመጀመሪያው ተነሥቶ እየቆጠረ ካልመጣ በቀር ስሙን ሊናገር አይችልም። ልጃችንም እንዲሁ የጣቱን ተራ እንጂ የድምፁን ስም አልተማረም ነበር። ስለዚህ ከለመደው ስፍራ ትንሽ ፈቀቅ በል ሲሉት መሄጃው ጠፋበት።

በማግሥቱ ልጁን ጠርተን ይቅርታ ጠየቅነው፤ መምህሩንም አስጠርተን የወሩን ክፍያ ሰጠን። እኛ ደግሞ በሚስዮን ትምህርት ቤት በእግር በሚነፋ ትንሽ ኦርጋን አጠገብ ቆመን የተማርነውን ዶ ሬ ሚ ከአእምሯችን እየፈለግን፥ ማታ ማታ ከልጁ ጋር ለመቀመጥ ጀመርን። ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈው በዚያ ጊዜ የተማርነውን ነው።

የዜማ ሕግ ማለት ሰው ፈልስፎ በዜማ ላይ የጫነው ቀንበር አይደለም። ጆሮ አስቀድሞ ለወደደው ነገር ስም መስጠትና ርቀቱን መለካት ነው። ጊታርም ለዚህ ትምህርት እጅግ የተመቸ መሣሪያ ነው፤ ርቀቱ በዓይን ይታያልና። በአንገቱ ላይ በተርታ የተሰኩት ብረቶች ፍሬት ይባላሉ። ጣት ከአንዱ ፍሬት ወደሚቀጥለው ሲሻገር ድምፁ በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል። ዐሥራ ሁለት ግማሽ ድምፅ ከተወጣ በኋላ ያው የመነሻው ድምፅ በላይኛው ደረጃ ተመልሶ ይገኛል፤ 12ኛው ፍሬት ያለበትም ስፍራ የክሩ ርዝመት እኩሌታ ነው።

ስድስቱ ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፥ ላ፥ ሬ፥ ሶል፥ ሲ፥ ሚ ተብለው ይቃኛሉ። ከአንዱ ክር እስከሚቀጥለው ያለው ርቀት አምስት ግማሽ ድምፅ ነው፤ በሶልና በሲ መካከል ያለው ብቻ አራት ነው። ይህን ያላወቀ ልጅ በወፍራሞቹ ክሮች ላይ የተማረውን ቅርጽ ወደ ቀጭኖቹ ሲያዛውረው ለምን እንደ ተበላሸበት አይገባውም። ያወቀ ግን ከሲ ክር ሲደርስ አንድ ፍሬት ጨምሮ ያልፋል።

ከዶ እስከ ላይኛው ዶ ያሉት ሰባቱ ድምፆችም ርቀታቸው እኩል አይደለም። ከሚ እስከ ፋና ከሲ እስከ ዶ ግማሽ ግማሽ ድምፅ ነው፤ የቀሩት ርቀቶች ሁሉ ሙሉ ሙሉ ናቸው። ከነዚህ ድምፆች አንዳንዱን እየዘለሉ ሦስቱን በአንድነት ማሰማት ኮርድ ይባላል። ዶ፥ ሚ፥ ሶል አንድ ኮርድ ነው፤ ላ፥ ዶ፥ ሚ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሜጀር ይባላል፤ ሁለተኛው መካከለኛው ድምፅ በግማሽ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ማይነር ይባላል፥ ወደ ኀዘንም ያዘነብላል። ልጃችን የነዚህን ቅርጽ በእጁ ያውቅ ነበር፤ በውስጣቸው ማን ማን እንዳለ ግን ጠይቆ አያውቅም።

እነዚህን ጥቂት ነገሮች ይዘን ወደ ራሳችን ዜማ እንመለስ። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰል፥ አንቺ ሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። አንደኛው የትዝታ ዓይነት፥ ሜጀር የሚሉት፥ ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ ነው፤ ሚና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ደግሞ ሁለተኛው፥ ይበልጥ የሚያባባው ትዝታ ይሆናል። በመጀመሪያው ትዝታ ውስጥ ፋና ሲ የሉም። ልጃችን ግን ከውጭ አገር ዘፈን የለመዳቸውን ሦስቱን ኮርዶች፥ የዶን፥ የፋንና የሶልን፥ በትዝታ ሥር ያስገባ ነበር። የፋ ኮርድ ፋ፥ ላ፥ ዶ፤ የሶል ኮርድ ሶል፥ ሲ፥ ሬ ስለ ሆነ፥ በቅኝቱ ውስጥ የሌሉት ሁለቱ እንግዶች ሳይጠሩ ይገቡ ነበር። ልጁ ሲመታ «አንድ ነገር ይሻክራል» እያልን ምን እንደ ሆነ ለመናገር ያቃተን ይኸው ነበር።

ከአምስቱ ድምፆች ብቻ የሚሠሩት ሙሉ ኮርዶች ሁለት ናቸው፤ የዶ ሜጀርና የላ ማይነር። ሌላ ሲያስፈልግ ሶልንና ሬን፥ ወይም ሬንና ላን፥ መካከለኛውን ትቶ ሁለቱን ብቻ መምታት ይቻላል። ይህን ስንል የውጭ ድምፅ በኢትዮጵያ ዜማ ሥር ፈጽሞ አይግባ ማለታችን አይደለም። አቶ ሙላቱ አስታጥቄ በእንግሊዝ አገር፥ ኋላም በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በበርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው የአገራችንን ቅኝት ከጃዝ ጋር ማዋሐዳቸው የታወቀ ነው። ነገር ግን ዐውቆ የሚያስገባ ሰው እንግዳውን በስሙ ጠርቶ እንደሚያስገባ ባለቤት ነው፤ ሳያውቅ የሚያስገባው ግን በሩን ክፍት ትቶ የተኛ ሰው ነው።

አሁን ወደ እናታችን ነገር እንመለስ። ከዶ የሚነሣው ትዝታ ለድምፃቸው ከፍ ቢልባቸው መነሻውን በሦስት ግማሽ ድምፅ ወደ ላ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ያን ጊዜ ሁሉም በእኩል ርቀት አብሮ ይወርዳል፤ የዶ ኮርድ የላ ሜጀር ይሆናል፤ የላ ማይነር ደግሞ የፋ ሻርፕ ማይነር ይሆናል። ይህ የመጨረሻው ለጀማሪ እጅ ያስቸግራል፤ አንዱ ጣት ስድስቱንም ክር በአንድነት መጫን አለበትና። ነገር ግን ሕጉን ላወቀ ሰው ሌላ መንገድ አለው። በገና ማታ ያሳፈረንን ያንኑ መቆንጠጫ በ2ኛው ፍሬት ላይ አሥሮ፥ ቀላል የሆኑትን የሶልንና የሚ ማይነርን ቅርጾች ቢመታ፥ ሁለት ግማሽ ድምፅ ከፍ ብለው ላና ፋ ሻርፕ ማይነር ሆነው ይሰማሉ። መቆንጠጫውን ቢያወልቀው ደግሞ ያው የእጁ ቅርጽ ሳይለወጥ ዜማው ወደ ሶል ይወርዳል፤ ይኸውም ከዶ በአምስት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። እንግዲህ በገና ማታ ዕቃው በልጁ እጅ ነበረ፤ የጎደለው ዕውቀቱ ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ዜማን በሕግ መማር ግን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት የደረሰው ዜማ ግዕዝ፥ ዕዝልና ዓራራይ ተብሎ በሦስት ተከፍሎ እስከ ዛሬ ይሰጣል። በ16ኛው መቶ ዓመትም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩ የአባቶች ትውፊት ያስረዳል። በዜማ ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ ይዘትን፥ ደረትን፥ ርክርክን፥ ድፋትን፥ ጭረትን፥ ቅናትን፥ ሂደትንና ቁርጥን ያውቃል። በኢጣልያ አገርም በ11ኛው መቶ ዓመት የነበረ ጊዶ የተባለ የአሬዞ መነኩሴ፥ ልጆች መዘምራን በብዙ ዓመት የሚማሩትን በጥቂት ጊዜ እንዲያውቁት ሲል፥ ከመጥምቁ ዮሐንስ መዝሙር ስንኞች መነሻ ኡት፥ ሬ፥ ሚ፥ ፋ፥ ሶል፥ ላ የሚሉትን ስሞች አወጣ፤ ኡት ኋላ ዶ ተባለ፥ ሲም ኋላ ተጨመረ።

የድጓው ምልክትና የፈረንጁ ኖታ በመልክ አይመሳሰሉም። ኖታው እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው ያሳያል፤ የድጓው ምልክት ግን ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ ያጠናውን የዜማ ስልት ያስታውሰዋል። ሆኖም ሁለቱም የተሠሩት ለአንድ ነገር ነው፤ ዜማ ከአንድ ሰው ጋር እንዳይሞትና ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ሳይበላሽ እንዲተላለፍ ነው።

ከዚህ በኋላ ልጃችን ራሱ አንድ ክርክር አነሣብን። ሕግ ሳይማሩ ታላላቅ ጊታር መቺዎች የሆኑ ብዙ ናቸው አለን። እውነቱን ነው። ጃንጎ ራይንሃርት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1910 በቤልጅግ አገር ተወለደ። በ1928 ይኖርበት የነበረው ሠረገላ ተቃጥሎ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ተጎዱ። በ1934 ግን ከቫዮሊን መቺው ከስቴፋን ግራፔሊ ጋር በፓሪስ ዝነኛ ጓድ አቋቁሞ ዓለምን አስደነቀ። ኖታ ማንበብ አይችልም ነበር።

ለዚህ የሰጠነው መልስ እንዲህ የሚል ነው። በየአገሩ የሕግ መጽሐፍ ገልጦ የማያውቅ፥ ነገር ግን ባላጋራዎችን አስታርቆ ትክክለኛ ፍርድ የሚሰጥ ሽማግሌ አለ። ስለ እርሱ ብሎ የሕግ ትምህርት ቤትን የሚዘጋ ግን የለም። ሽማግሌው ሕጉን ያላወቀ አይደለም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በዛፍ ሥር ተቀምጦ ሺህ ክርክር በመስማት ያወቀው ነው። ጃንጎም ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሙዚቀኞች መካከል አድጎ ሕጉን በጆሮው ጻፈው። ኖታ አለማንበብ ሌላ ነው፤ ሕጉን አለማወቅ ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ጆሮና እንዲህ ያለ አስተዳደግ ያለው ልጅ ካለ ይሂድ፤ ለቀረነው ግን መማር ይሻለናል።

በተቃራኒው የፌርናንዶ ሶርን ታሪክ ነገርነው። ሶር በ1778 በባርሴሎና የተወለደ የእስፓንያ ሰው ሲሆን በልጅነቱ በሞንሴራት ገዳም በመዘምራን ትምህርት ቤት ዜማን ተምሯል። ኋላ በጊታር ዝነኛ ከሆነ በኋላ በ1830 በፓሪስ ባሳተመው የጊታር ማስተማሪያ መጽሐፍ የጣትን አነባበር ብቻ አላስተማረም፤ ስለ ሦስተኛና ስለ ስድስተኛ ርቀቶች፥ እነዚህም በአንገቱ ላይ የት የት እንደሚገኙ በሰፊው አስረድቷል። በጊታር ላይ ብዙ ድምፅ እንደ ማኅበር ሲነጋገር ያሰማ የነበረ ሰው፥ መነሻው የገዳም ዜማ ቤት መሆኑ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ላለፈልን ሰዎች ደስ የሚያሰኝ ነው።

እኛም በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ላይ ያየነው ከዚህ የራቀ አይደለም። አዲስ የሚገባ ጸሐፊ የቀድሞውን መዝገብ እያየ መገልበጥ ይጀምራል፤ እጁም ቶሎ ይፈጥናል። ከተለመደው ወጣ ያለ አቤቱታ በቀረበ ቀን ግን የሚገለብጠው ስለሚያጣ ብዕሩ ይቆማል። እያንዳንዱ ቃል ስለ ምን በዚያ ስፍራ እንደ ገባ የጠየቀ ጸሐፊ ግን ለአዲሱ ነገር አዲስ ጽሑፍ ያወጣለታል፤ ባለ ጉዳዩም ሳይጉላላ ይሄዳል። የሕግ ዕውቀት ጥቅሙ የሚታወቀው በለመዱት ቀን ሳይሆን ባልለመዱት ቀን ነው።

ደግሞ በሌላው በኩል ያለውን አደጋ ሳንጠቁም ማለፍ አይገባንም። ሕጉን በወረቀት ብቻ የሚማርና ጆሮውን የማያሠለጥን ልጅም አለ። የጊታር ፍሬት ድምፁን በዐሥራ ሁለት እኩል ከፍሎታል፤ የአገራችን ዘፋኝ ጉሮሮ ግን አንዳንድ ጊዜ በሁለት ፍሬቶች መካከል ያልፋል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ዘፋኙን «ተሳስተሃል» የሚል ተማሪ ሕጉን ተማረ እንጂ ዜማውን አልተማረም። የቤተ ክርስቲያናችን ልማድ በዚህ ረገድ መልካም ነው፤ ተማሪ አስቀድሞ ከመምህሩ አፍ በቃል ያጠናል፥ ምልክቱን ከዚያ በኋላ ያውቃል። ስለዚህ ጆሮ ይቅደም፥ ሕጉ ይከተል፥ ሁለቱም አይለያዩ።

ይህን ለመጀመር ለሚወዱ ቤተ ሰቦች የእኛን ሥርዓት እንግለጥ። ልጁ በየቀኑ ከሩብ ሰዓት የማይበልጥ ጊዜ ለሕጉ ይስጥ። መጀመሪያ በእያንዳንዱ ክር ላይ ያሉትን ድምፆች በስማቸው እየጠራ ይምታ። ቀጥሎ ድምፁን ከመምታቱ በፊት በአፉ ያዚመው። ከዚያ በኋላ የሚያውቀውን አንድ ዘፈን ብቻ ወስዶ ከሦስት ልዩ ልዩ መነሻዎች ይምታው፤ ዐሥር ዘፈን ከአንድ መነሻ ከመምታት አንድ ዘፈን ከሦስት መነሻ መምታት የበለጠ ያስተምራል። በመጨረሻም የአራቱን ቅኝቶች ድምፆች በወረቀት ጽፎ ርቀታቸውን ይቍጠር። ክራር የሚመታ ሰው ቅኝት ሲለውጥ ክሮቹን እንደ ገና ይቃኛል፤ ጊታር የሚመታ ግን ክሩን ሳይነካ በአሳቡ መቃኘት አለበት፤ ይህም ያለ ዕውቀት አይሆንም።

እኛም በዚህ ሥርዓት ከገና እስከ ዐቢይ ጾም ቆየን። ጾሙ በገባ ጊዜ እንደ ቤታችን ልማድ ጊታሩ ተሰቀለ፤ ትምህርቱ ግን አልተቋረጠም። ልጁ በወረቀት ላይ ስድስት መስመር እያሠመረ የድምፆቹን ስም ይጽፍ ነበር። እናታችን አጠገቡ ተቀምጠው ጥጥ እየፈተሉ፦ «ይህ ደግሞ የምን ድጓ ነው?» ብለው ጠየቁት። እርሱም፦ «የእርስዎን ዘፈን ወደ ታች የማወርድበት መሰላል ነው» አላቸው። ሳቁ እንጂ ምንም አልመለሱም።

በፋሲካ ማታ ቤተ ዘመድ እንደ ገና ተሰበሰበ። ልጁ ጊታሩን አንሥቶ ወዲያው አልመታም፤ ወደ አያቱ ዞሮ፦ «እማማ፥ አስቀድመው እርስዎ ያንጎራጉሩልኝ፤ ከሚመችዎ ይነሡ፥ እኔ እከተልዎታለሁ» አላቸው። እናታችን ጥቂት አፍረው ቆዩና በአፋቸው ውስጥ ጀመሩ። ልጁ በአንድ ክር ላይ ድምፃቸውን ፈልጎ አገኘው፤ ላ ነበር። መቆንጠጫውን በ2ኛው ፍሬት ላይ አሠረና ገባ። እርሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

ወደ መካከሉ ሲደርሱ ድምፃቸው መድከም ጀመረ። ልጁ ይህን ሰምቶ፥ እርሳቸው ትንፋሽ በሚወስዱበት ጊዜ መቆንጠጫውን ነቅሎ ወደ ሶል አወረደላቸው። ከተቀመጡት ውስጥ ይህን ያስተዋለ የለም፤ እናታችን ግን ቀና ብለው አዩት፤ ከዚያም እስከ መጨረሻው ዘፈኑ። ሲጨርሱ እጁን ይዘው፦ «አያትህ ይህን በሰማ» አሉት። ሌላ ቃል አልተናገሩም፤ ከዘመዶቻችንም የተናገረ አልነበረም።

ልጁ በገና ማታም በፋሲካ ማታም እጁ ያው እጅ ነው፤ ጊታሩም ያው ጊታር ነው። በመካከል የተጨመረው ጥቂት የስምና የርቀት ዕውቀት ነው። ያ ዕውቀት ግን ልጁን ከራሱ ስፍራ አንሥቶ ሌላ ሰው ወዳለበት ለመሄድ አስቻለው። እንግዲህ ልጅዎ ጊታር ይዞ «የዜማ ሕግ አስተምሩኝ» ብሎ ቢለምንዎ፥ እኛ የመለስነውን መልስ አይመልሱለት። ክፍያው ጥቂት ነው፤ በቤትዎም ያለው የሽማግሌ ድምፅ ብዙ ጊዜ አይጠብቅም።